ለሟች ደመወዝ ስከፍል የከረምኩት እኔ ነኝ!

ዛሬ የማጫውታችሁ የሰው ጉድ አይደለም፤ የራሴን ነው። በዚህ አምድ ላይ የሰውን ትዳር፣ የሰውን ቅናት፣ የሰውን ብድር ስተነትን ከርሜ፣ የገዛ ቤቴን ጉድ ደብቄ ብቀመጥ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። የማኅበሩን ስም፣ የባንኩን ስም፣ የሰዎቹንም ስም ግን አትጠይቁኝ። ሂርና ትንሽ ከተማ ናት። ከአውራ ጎዳናው በላይ ያለው ሲያስነጥስ ከታች ያለው «ይማርሽ» የሚልባት ከተማ ናት። ፍንጭ ከሰጠሁ አለቀልኝ።

እኔ በጎን እጽፋለሁ እንጂ እንጀራዬ ሌላ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ገበሬዎች ምርታቸውን በሚያስረክቡበት አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ በሒሳብ ረዳትነት ተቀጠርኩ። ሠላሳ አንድ ደመወዝተኛ አለን። ዘበኛ፣ መጋዘን ጠባቂ፣ ሾፌር፣ ጫኝና አውራጅ፣ ጽዳት፣ እኔን ጨምሮ። የሠላሳ አንዱን ሰው ደመወዝ የምሠራው እኔ ነኝ።

ድሮ (ድሮ ስል የስድስትና የሰባት ዓመት ነገር ነው) ደመወዝ ቀን እንደ ሠርግ ነበር። ገንዘቡ ከባንክ በፌስታል ተጠቅልሎ በሁለት ሰው ታጅቦ ይመጣል። ፔሮሉን በእጄ አሰምራለሁ፤ ስም በስም እጽፋለሁ። ከዚያ ሰዉ ይሰለፋል። መጻፍ የሚችል ይፈርማል፤ የማይችል አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ያትማል። ሁለት መቶ ብር ጎደለኝ የሚል፣ «ባለፈው ብድሬን ቆርጠሽ የለም ወይ?» ብሎ የሚያፈጥ፣ ብሩን ሦስቴ ቆጥሮ አራተኛ ጊዜ ለጓደኛው የሚያስቆጥር… ጣጣው ብዙ ነበር። እኔም ማታ ቤቴ ስገባ ጣቶቼ ቀለም በቀለም ሆነው ነው።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. መጣ፤ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ። ቤንዚን እንኳ በ2015 በስልክ ካልተከፈለ አይቀዳም ተባለ። የባጃጁ ልጅ ሳይቀር «በስልክ ላኪልኝ» ማለት ጀመረ። ጫቱን ከማሳው የሚሸጠው ገበሬ የሽያጩን መልእክት በስልኩ አይቶ ነው ኢሱዙው ወደ ድሬዳዋ እንዲነሳ የሚፈቅደው። ታዲያ እኛ ብቻ በፌስታል ብር ተሸክመን እስከ መቼ? ሥራ አመራር ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ደመወዝ በባንክ ይሁን ተባለ። ለሁሉም ሒሳብ ተከፈተ፤ ካርድ ወጣ።

አሠራሩን ለማታውቁ ላስረዳ። በድርጅት ሒሳብ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ገንዘብ ማንቀሳቀስ አይችልም። አንዱ ትዕዛዙን ያዘጋጃል፣ ሌላው ያጸድቃል። የባንክ ሰዎች «ሜከር» እና «ቼከር» ይሉታል። የእኔ ድርሻ ሜከርነት ነው። የስሙን፣ የሒሳብ ቁጥሩንና የብሩን ዝርዝር አስገባለሁ። ቼከሩ ሊቀመንበራችን ናቸው። የእሳቸው ስልክ ላይ ስድስት አኃዝ ያለው የማረጋገጫ ቁጥር ይመጣል፤ እሳቸው ዝርዝሩን አይተው፣ ተስማምተው፣ ቁጥሩን ያስገባሉ። ያን ጊዜ ብቻ ነው ገንዘቡ የሚሄደው። ከቼክ ላይ ሁለት ፊርማ ጋር አንድ ነው፤ ወረቀቱ ብቻ ቀረ።

በወረቀት ላይ ቢሆን ደግሞ እንዴት ያምራል!

ሊቀመንበራችን ደግ ሰው ናቸው። አባቴ ያህላሉ፤ እኔም «ኦቦ» ብዬ ነው የምጠራቸው። ግን ግማሹን ሳምንት ድሬዳዋ ናቸው። የደመወዝ ቀን ከሰዓት እደውላለሁ፤ በርጫ ላይ ናቸው። ከጀርባ ጨዋታው ሲደራ ይሰማኛል።

«ኦቦ፣ ቁጥር መጥቶልዎታል?»

«ቆይ መነጽሬን… አዎ! አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት…»

«ዝርዝሩን ላንብብልዎት?»

«አንቺው አይተሽው የለም እንዴ? በይ ጨርሺው ልጄ!»

እጨርሰዋለሁ። ሜከርም እኔ፣ ቼከርም እኔ። ሁለት ዓይን ይበቃል ተብሎ አራት ዓይን የተባለው በአንድ ዓይን ሲሠራ ኖረ። አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ምክንያት አንድ ሳንቲም ወደ ኪሴ አልገባም። ቢገባ ኖሮ ይህን የምጽፍላችሁ ከሌላ ቦታ ነበር! ግን ሌብነት ብቻ አይደለም አደጋው።

በሚያዝያ 2015 አንድ የባንኩ ወጣት ሠራተኛ «በየወሩ ዝርዝር ከምታስገቢ አንዴ አስገብተሽ ራሱን በራሱ እንዲደግም ማድረግ ትችያለሽ» አለኝ። ስታንዲንግ ኦርደር። አንዴ ይጸድቃል፣ ከዚያ በየወሩ ቀኑ ሲደርስ ማንም ሳይነካው ይከፍላል። ደስታዬን መግለጽ ያቅተኛል! የኔትወርክ ጭንቀት የለ፣ በርጫ ላይ መደወል የለ። በእኛ አገር መብራት ሲጠፋ ኔትወርክ አብሮ እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል በመላ አገሪቱ የተቋረጠ ጊዜ የነበረውን ጭንቀትማ አልረሳውም። በወሩ መካከል ዝርዝሩን አስገባሁ፤ ሚያዝያ 30 የሚውለው በፈረንጅ ሜይ 8 ነበርና «በየወሩ በ8» ብዬ ሞላሁ። ጸደቀ። አረፍኩ።

የመጀመሪያውን ቡጢ የቀመስኩት በጳጉሜን ነው። ለካስ ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ነው! የእኛ ወር ሁሌ ሠላሳ ነው፤ የእነሱ አንዴ ሠላሳ አንድ፣ አንዴ ሠላሳ፣ አንዴ ሃያ ስምንት። ሚያዝያ 30 ሜይ 8 ቢሆንም ሐምሌ 30 ኦገስት 6 ነው፤ ነሐሴ 30 ደግሞ ሴፕቴምበር 5። ማሽኑ 8ን ይጠብቃል። ስለዚህ የነሐሴ ደመወዝ ጳጉሜን 3 ገባ። ለእንቁጣጣሽ በግ ያሰበው፣ ለልጁ ደብተር ሊገዛ የነበረው ሁሉ ቢሮዬን ከበበው። «ብሩን ወለድ እያስበላሽው ነው» ያለኝም አለ። ያኔ መባነን ነበረብኝ። ማሽኑ ያልኩትን ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ያሰብኩትን አያውቅም። ግን አልባነንኩም። «ሦስት ቀን ምን አላት?» ብዬ አለፍኩት።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እጄ እየከበደኝ ነው የምጽፈው።

ዘጠኝ ዓመት የጠበቁን አንድ የሌሊት ዘበኛ ነበሩ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ አንድ ቀን ሲተኙ ያገኛቸው ሰው የለም። የሂርናን የሌሊት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በዚያ ብርድ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እሳታቸውን አንድደው ያነጋሉ። ጠዋት ስገባ በሩን የሚከፍቱልኝ እሳቸው ናቸው። ደመወዛቸው ሦስት ሺህ ብር ነበር፤ ግብር ሲነሳለት 2,692 ብር ከ50 ሳንቲም። ይህን ቁጥር በሕይወቴ አልረሳውም።

ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. እሁድ አረፉ። ቀብር ሄጃለሁ። ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ማኅበሩም አዋጥቶ ረድቷል። በሳምንቱ በምትካቸው ሌላ ዘበኛ ተቀጠረ። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ። ለአዲሱ ሰው ደመወዝ የድሮውን ዝርዝር ከፍቼ ልነካው አልፈለግኩም። ዝርዝሩ ከተነካ ሠላሳ አንዱም ሰው እንደ አዲስ መጽደቅ አለበት፤ ኦቦን ደግሞ ማግኘት አለብኝ። ስለዚህ ለአዲሱ ሰው ብቻውን ሌላ ትዕዛዝ ከፈትኩ። የሟቹን ስም «በኋላ አወጣዋለሁ» አልኩ።

በኋላ የሚባል ቀን መች ይመጣል! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን እንኳ አላወቅኩም።

በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጉድ የተሰማ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ዓርብ መጋቢት 6 ሌሊት ሲስተሙ ላይ ችግር ተፈጥሮ፣ ሰው በሒሳቡ የሌለውን ገንዘብ እስኪነጋ ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። በየዩኒቨርሲቲው ተማሪው ኤቲኤም ላይ ተሰልፎ ማደሩን ሰማን። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ፤ ያለአግባብ የወጣው ወደ 801 ሚሊዮን ብር መሆኑ ተነገረ። ከዚያ ልመናው፣ ማስጠንቀቂያው፣ በመጨረሻም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ መለጠፉ ቀጠለ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። እኛ ቢሮ ቡና እየጠጣን «እንዴት ይህን ሁሉ ብር ሲሄድ የሚያይ ሰው ይጠፋል?» ብለን ሳቅን። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ። ይህን ስል ግን ያዘጋጀሁት ማሽን ለሞተ ሰው ሁለት ጊዜ ከፍሎ ነበር።

ግንቦት 28 ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት። በሩ ላይ አንዲት እናት ቆመዋል፤ ከጎናቸው አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው ልጃቸው። አወቅኳቸው፤ የዘበኛችን ባለቤት ናቸው። ከለቅሶው ወዲህ አይቻቸው አላውቅም። በሃይማኖታቸው ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች፤ ከቤቷ አትወጣም። ዒዳቸውን ጨርሰው የመጀመሪያ መውጫቸው ወደ እኛ ነበር። በጨርቅ የተቋጠረ ቡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ገለቶማ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ከዚያ በአማርኛና በኦሮምኛ እየቀላቀሉ ቀጠሉ። «ማኅበሩ አልረሳንም። ቤት ተቀምጬ፣ እጄን አጣጥፌ፣ ልጆቼን በምን አበላለሁ ብዬ ሳለቅስ በየወሩ ላካችሁልኝ። ይሄ ልጅ ካርዱን ይዞ ሄዶ ያወጣል። ለኢድም ልጆቹን አለበስኩበት። አላህ ይስጣችሁ።»

ፈገግ አልኩ። ፊቴ ፈገግ አለ፤ ሆዴ ግን ቀዘቀዘ። ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። «ምንም አይደል፣ አዴ» ያልኩ ይመስለኛል። መርቀውኝ ወጡ።

በሩን ዘግቼ ዝርዝሩን ከፈትኩ። ተራ ቁጥር 17። ስማቸው እንዳለ ቁጭ ብሏል። የጥር፣ የየካቲት፣ የመጋቢት፣ የሚያዝያ፤ አራት ጊዜ ተከፍሏል። አምስተኛው ቅዳሜ ሊሄድ ሦስት ቀን ቀርቶታል። የመጋቢቱ የገባው ኤፕሪል 8 ነው፤ ኢድ ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው። ሴትዮዋ ልክ ናቸው።

የዚያን ሌሊት አልተኛሁም። እውነቱን ልናገርና፣ ሌሊቱን ያሰብኩት ስለ እሳቸው አልነበረም፤ ስለ እኔ ነበር። ስሙን በዝምታ ላወጣው እችላለሁ። የወጣውንም «ለጥበቃ ተጨማሪ ወጪ» ብዬ ልመዘግበው እችላለሁ። ማን ያያል? የሚያጸድቁት ኦቦ፣ ኦቦ ደግሞ እኔው። የቁጥጥር ኮሚቴው በዓመት አንዴ ይመጣል፤ ድምሩን አይቶ ይሄዳል። ሴትዮዋም በሰላም ይቀራሉ። ለሁሉም የሚጠቅም ውሸት መሰለኝ። ሊነጋጋ ሲል ግን አንድ ነገር ገባኝ። ይህን ያህል በቀላሉ መደበቅ ከቻልኩ ሌላም መደበቅ እችላለሁ ማለት ነው። እኔ ባልፈልግ እንኳ ከእኔ በኋላ የምትቀጠረዋ ትችላለች። ይህ አስፈራኝ።

ጠዋት ኦቦን ደውዬ ነገርኳቸው። ረጅም ዝምታ። «አንቺ ልጅ… እኔ ነኛ ያጸደቅኩት?» አሉ። «አዎ ኦቦ፣ በእርስዎ ቁጥር ነው።» በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ሂርና ገቡ። ለካ ትዕዛዝ ለማቆምም ማጽደቅ ያስፈልጋል! ያን ቀን ደግሞ ኔትወርክ የለም። በደብዳቤ፣ በማኅተም፣ በሁለት ፊርማ ዓርብ ከሰዓት ባንኩ ሊዘጋ ሲል አስቆምነው። ከዚህ ሁሉ ሽሽት ነበር እኮ ማሽን የገባነው!

ስብሰባው ከባድ ነበር። አንዱ «ሴትዮዋ የሰው ገንዘብ ነው የወሰዱት፤ ይመልሱ፣ እምቢ ካሉ ክስ ይመሥረት» አለ። ሌላው «ጥፋቱ የሒሳብ ክፍሉ ነው፤ ከደመወዟ ይቆረጥ» አለ። ሒሳቡን እኔው ሠርቼ አቀረብኩ። ከጥር ደመወዝ እስከ 19 ድረስ ያለው የሟቹ ላብ ነው፤ አይነካም። የቀረው የአሥራ አንድ ቀን 987 ብር ከ25 ሳንቲም፣ የሦስቱ ወር 8,077 ብር ከ50 ሳንቲም። ድምር 9,064 ብር ከ75 ሳንቲም። ለትልቅ ድርጅት ምንም ነው። ለእኔ የወራት ደመወዝ ነው። ለእሳቸው ደግሞ የተበላ እህልና የተለበሰ ልብስ ነው፤ ከየት ይመለሳል?

ውሳኔ ሳይሰጥ ለሁለት ሳምንት ተላለፈ። በዚያ መካከል ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። ቡና አፈሉ። ነገርኳቸው። ማሽኑን፣ ዝርዝሩን፣ በኋላ አወጣዋለሁ ማለቴን። ልጃቸው ያልገባቸውን ያስተረጉምላቸዋል። ሲጨርስ ሲኒውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፦

«እኔ ያስታወሳችሁት መስሎኝ ነበር» አሉ። «ረስታችሁት ነው?»

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ቀብሩ ላይ የነበርኩ እኔ፣ ጠዋት ጠዋት በር የሚከፍቱልኝን ሰው አልረሳሁም ብዬ ልማል እችላለሁ። ግን ፔሮሉን በእጄ የምጽፍበት ዘመን ቢሆን ኖሮ የጥር መጨረሻ ላይ ስማቸው ጋ ስደርስ እጄ ይቆም ነበር። ምናልባት አለቅስም ነበር። ከዚያ መስመር እሰርዝበታለሁ። ደግሞስ የሞተ ሰው መጥቶ አውራ ጣቱን አያትም! ያ ቀለም፣ ያ ሰልፍ፣ ያ ሁሉ ጣጣ ለካ አንድ ሥራ ይሠራ ነበር። ሠላሳ አንዱ ሰው በሕይወት መኖሩን በወር አንዴ እናይ ነበር።

ከዚያ ወደ ጭሮ ወረድኩ። አባቴ እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ ነው የሚላት። ስለ ራሴ ደመወዝ መቆረጥ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት፤ አልዋሽም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያውቅ አንድ ባለሙያ አገኘሁ። ሕጉ ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ ከወሩ ሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ይከለክላል አለኝ። ትንሽ ቀለል አለኝ። ከዚያ ድንገት «ሟቹ ስንት ዓመት አገለገሉ?» አለ። ዘጠኝ። «የጡረታ መዋጮ ይከፈልላቸው ነበር?» አይ፤ «ኮንትራት ናቸው» እየተባለ አልተመዘገቡም። «ታዲያ የሥራ ስንብት ክፍያ ለቤተሰቡ ሰጣችሁ?»

የምን ስንብት? ሞቱ እንጂ መች ተሰናበቱ?

ሰውየው ሳቀብኝ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አወጣ። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎ ውሉ በሞት የተቋረጠ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የሠላሳ ቀን ደመወዝ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያን ሲሶ። በወረቀት ጀርባ ላይ ደመረው፦ ሠላሳ፣ ስምንት ጊዜ አሥር ሰማንያ፣ መቶ አሥር ቀን። በቀን መቶ ብር። አሥራ አንድ ሺህ ብር! ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ካለ ሌላ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ሂርና ስመለስ መኪናው ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰው ሳያስቡኝ አልቀሩም። ልናስመልሳቸው የተሰበሰብንባቸው ሴት የእኛ ባለዕዳ ሳይሆኑ እኛ የእሳቸው ባለዕዳ ነበርን። ማሽኑ በስህተት የከፈለው፣ እኛ በማወቅም ይሁን ባለማወቅ ያልከፈልነውን ነበር። ልዩነቱ 1,935 ብር ከ25 ሳንቲም፤ እሱም ከእኛ ላይ የሚፈለግ።

ማሽን ፍትሕ አወቀ እያልኩ እንዳይመስላችሁ! ሰውየው አንድ ዓመት ብቻ ያገለገሉ ቢሆኑ ኖሮ ሴትዮዋ ዛሬ ፍርድ ቤት ናቸው። በአጋጣሚ ነው የተረፍነው። ሴትዮዋም ቢሆኑ በሟች ካርድ ማውጣታቸው ልክ አይደለም። ባንኩ መሞታቸውን ቢያውቅ ሒሳቡን ያግደው ነበር፤ ወራሾች የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማምጣት አለባቸው። ይህን ለእሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ፤ አስጨርሰዋል።

ኮሚቴው አጉረመረመ። «ሕጉን አንቺ ነሽ ወይ የምትነግሪን?» ያለም ነበር። በመጨረሻ ግን ዕዳው ተቻችሎ ቀሪው እንዲከፈል ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ይገባኛል። ኦቦ ማስጠንቀቂያ የሚጽፍላቸው ስላልነበረ ራሳቸው ተነስተው «እኔም አጥፍቻለሁ» አሉ። ይህን ያለ ሊቀመንበር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ማሽን ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ግን ታላላቆቹም ይወድቃሉ። የአሜሪካው ሲቲባንክ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ሬቭሎን ለተባለው የመዋቢያ ኩባንያ አበዳሪዎች 7.8 ሚሊዮን ዶላር ወለድ እልካለሁ ብሎ ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር ላከ። ሦስት ሰው አይቶ ያጸደቀው ነው! ኮምፒዩተሩ ላይ መመረጥ ከነበረባቸው ሳጥኖች አንዳንዶቹ ሳይመረጡ ቀርተው ነው። ወደ 500 ሚሊዮን የሚሆነውን አንመልስም ያሉ አበዳሪዎች በ2021 ፍርድ ቤት ረትተው ነበር፤ በይግባኝ የተገለበጠው በሴፕቴምበር 2022 ነው። ይህን ያነበብኩ ጊዜ ጎረቤት የሞተበት ሰው እንደሚጽናና ተጽናናሁ። ሦስት ዓይን ያለው ከሳተ፣ እኔ በአንዱ መሳቴ ምን ይደንቃል? ግን መጽናናት ሌላ፣ ማስተካከል ሌላ።

እናንተም የእድር፣ የዕቁብ፣ የትምህርት ቤት፣ የማኅበር ገንዘብ በስልክ የምታንቀሳቅሱ ካላችሁ ከእኔ ስሙ። ራሱን የሚደግመውን ትዕዛዝ እኛ ሰርዘነዋል። ምነው ሙሉ በሙሉ ትተሽው ኋላ ቀረሽ ትሉኝ ይሆናል። የቤት ኪራይና የመሳሰለው፣ ብሩ የማይለዋወጥ፣ ሟችም የሌለው ነገር ይደጋገም። የሰው ስም ያለበት ዝርዝር ግን በየወሩ መታየት አለበት። አሁን ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ዝርዝሩን አትሜ ከጥበቃው ኃላፊ ጋር ስም በስም ጮክ ብዬ አነባለሁ። «አለ?» «አለ።» «አለች?» «ወሊድ ላይ ናት።» አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ራስ ቆጥረን፣ ከባለፈው ወር ድምር ጋር አስተያይተን፣ ልዩነቱ ለምን እንደመጣ በአንድ መስመር ጽፌ ለኦቦ እልካለሁ። የማረጋገጫ ቁጥሩን በስልክ አይነግሩኝም፤ እኔም አልጠይቅም። በርጫ ላይም ቢሆኑ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ነው የሚያስገቡት። መነጽር ከጠፋ ደመወዝ ያድራል! አንዴ አድሯል፤ ሠራተኛው ጮኋል፤ አልተንበረከክንም።

ይህ ንባብ ሌላም ነገር አተረፈልን። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል፣ ዝርዝሩ በድሮው ስሌት እየቆረጠ እንደነበር ያየው የጥበቃው ኃላፊ ነው። ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሰው! «በሬዲዮ ቀነሰ ሲሉ ሰማሁ፤ የኛ ለምን አልቀነሰም?» አለኝ። ማሽኑ ሬዲዮ አይሰማም። የድሮው ዓይነት አሠራር ቢሆን ዓመት ሙሉ የድሃ ብር ስንቆርጥ በኖርን።

ቀሪውን 1,935 ብር ከ25 ሳንቲም ለመክፈል ሁለት ወር ፈጀ። በባንክ እንላክ ሲባል እኔ እምቢ አልኩ። ሴትዮዋ መጡ፤ ልጃቸው አብሯቸው ነው። ብሩን በእጃቸው ቆጠርኩላቸው፤ እሳቸውም ቆጠሩ፤ ልጁም ቆጠረ። የቀለሙን ሳጥን ከመሳቢያ ሥር ፈልጌ አወጣሁት። ደርቆ ስለነበር ትንሽ ውኃ ጠብ አደረግኩበት። አውራ ጣታቸውን ነክረው ደረሰኙ ላይ አተሙና፣ ጣታቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «እሱም እዚሁ ነበር የሚያትመው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ አዴ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ» አልኳቸው።